አንድ እጅጌው አጭር ቀሚስ

ኮልፌ ገበያ፣ ቅቤ ተራ ውስጥ፣ ቅቤ በዓይን አይገዛም። ሻጯ በጣቷ ጫፍ ትንሽ ትቆነጥርና የገዢዋን እጅ ይዛ በእጇ ጀርባ ላይ ትቀባላታለች። ገዢዋም ታሸዋለች፣ ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋዋለች፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ታስባለች። ለጋ ይሁን በሳል፣ ሞራ የገባበት ይሁን ንጹሕ፣ ያኔ ይታወቃል። ዋጋ የሚነሳው ከዚያ ወዲያ ነው። ሻጭና ገዢ ሳይነካኩ ቅቤ ተሸጠ ቢባል የዚያ ሰፈር ሰው አያምንም።

ዋጋነሽ ይህን ሥራ የተማረችው በእናቷ ጀርባ ታዝላ ነው። ወላጆቿ ከሀዲያ አገር መጥተው ኮልፌ ላይ ጎጆ ሲቀልሱ፣ ዛሬ ፎቅ የቆመበት ሁሉ ባሕር ዛፍ ነበር። እናቷ «ሰው የሚሸሽ ሰው ቅቤ አይሽጥ» ትል ነበር። ዋጋነሽ ደግሞ ሰው ትወዳለች። የገዢዋን እጅ ስትይዝ እጁን ብቻ አይደለም የምትይዘው፤ ወሬውንም ነው። ማን ወለደች፣ ማን ልጅ ዳረች፣ የማን ባል ቤት ሳይገባ አደረ፤ ቅቤው ተሽትቶ እስኪያልቅ ሁሉንም ትሰማለች። ማታ ቤቷ ስትገባ ለባሏ ለደግፌ ዘርዝራ ትነግረዋለች። ደግፌ ልብስ ሰፊ ነው። እግሩን በስፌት መኪናው ፔዳል ላይ እየረገጠ «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላታል። እንዲህ ነበር የሚኖሩት።

አርባ ዓመት አካባቢ ሲሆናት በሌባ ጣቷ ላይ ነጭ ነጥብ ወጣ። ከርሞ ሁለት ሆነ፤ ከዚያ ወደ እጇ ጀርባ፣ ከእጇ ጀርባም ወደ ክንዶቿ ሄደ። አያምም፣ አያሳክክም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም። ስሙ ግን ለምጽ ነው፤ ስሙ ብቻውን ከበሽታው ይከፋል።

ክፉ ቃል የተናገራት ሰው አልነበረም። የኮልፌ ሰው ይሉኝታ አለው። እጁን ብቻ ነበር የሚሰበስበው። ጣቷን ቅቤው ውስጥ ነክራ ወደ ገዢዋ ስትዘረጋ፣ ገዢዋ ቦርሳዋን ትፈልግ ጀመር፤ ወይ ስልኳ ይጠራባታል፤ ወይ «ቆይ፣ ተመልሼ እመጣለሁ» ትልና በዚያው ትቀራለች። ዋጋነሽ ጣቷ ላይ የቀረውን ቅቤ መልሳ ማሰሮው አፍ ላይ ጠረገችው። እንዲህ እየሆነ ሲበረክት፣ አንድ ቀን ጠዋት ወንበሯን አንስታ ከጆንያው መጋረጃ ኋላ ገባች። ከፊት ሸዋረጋን አስቀመጠች።

ሸዋረጋ የልጅነት ጓደኛዋ ናት። አፏ ቅቤ አቅልጦ ይሸጣል፤ ቅቤ ግን አታውቅም። ለጋውንና በሳሉን እንኳ ስታቀላቅል ትውላለች። ዋጋነሽ ከመጋረጃው ኋላ የኮባ ቅጠል እየቆረጠች፣ ቅቤ እየጠቀለለች፣ ሸዋረጋ ስትሳሳት ትስላለች።

«ይቺ ሴትዮ የሳምባ ምች አለባት እንዴ?» አለ አንድ ቀን አንድ ገዢ።

«ኧረ የለባትም፤ ዋጋ አዋርጄ ነው» አለች ሸዋረጋ። «ስትስል እኔ እጨምራለሁ።»

ሸዋረጋ ትስቃለች፤ ዋጋነሽም ከኋላ ሆና ትስቃለች። ሳቁ ሲያልቅ ግን፣ ከመጋረጃው ወዲያ ሰው እጁን ሲዘረጋ ይታያታል። አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትፈልገው፤ ከፊት መቀመጥ። መልኳ እንዲያምር አይደለም፤ ደግፌ መልኳን ከነምኑ ለምዶታል። የሰው እጅ ይዛ ቅቤ መቀባት ነው የናፈቃት። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ልጇ ራዕይ ግን ታውቅ ነበር።

ራዕይ ባንክ ትሠራለች። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ የቸርች ልብሷን ሳታወልቅ፣ ስልኳን ይዛ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ሆስፒታል ውስጥ የቆዳ ሐኪሞች ሙከራ ጀምረዋል፤ ለለምጽ። ፈቃደኛ ሰው ይፈልጋሉ።»

«ሙከራ? እኔ አይጥ ነኝ?»

«አይጡ ላይማ ድሮ ጨርሰዋል። አሁን የሰው ተራ ነው።»

«ደግሞ ምን ሊያደርጉኝ?»

«ከራስሽ ፀጉር ሥር ወስደው ክንድሽ ላይ ይተክሉታል።»

ደግፌ ከመኪናው ቀና አለ። «ክንዷ ላይ ፀጉር ሊያበቅሉባት? ተዪ አንቺ ልጅ። እኔ ሚስት ነው ያገባሁት።»

ራዕይ ሳቋን ይዛ አስረዳች፤ አልሆነም። ሄዶ መጠየቅ ይሻላል ተባለና ሄዱ።

ሐኪሙ ዶክተር ኤልናታን ይባላል፤ ወጣት ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። ወንበሩን ወደ እሷ ስቦ እጇን በባዶ እጁ ያዘ። ዋጋነሽ ደነገጠች፤ ከባሏና ከልጇ በቀር እጇን እንዲያ ይዞ ያገላበጠው ሰው ከነበረ ቆይቷል።

«እትዬ ዋጋነሽ፣ ቆዳችን ቀለሙን የሚያገኘው ከትንንሽ ሕዋሳት ነው» አላት። «እርስዎ ላይ፣ በነጩ ቦታ፣ እነዚያ ሕዋሳት ጠፍተዋል። በፀጉርዎ ሥር ግን ተደብቀው የቀሩ አሉ። ገና ያላደጉ ናቸው፤ ስቴም ሴል እንላቸዋለን። ጥቂት ፀጉር ከነሥሩ እናወጣለን፤ ከሥሩ እነሱን ለይተን ውሃ ውስጥ እናደርግና ነጩ ቦታ ላይ እናፈስሳቸዋለን። ከያዙ እዚያው ተባዝተው ቀለም ይሠራሉ።»

ዋጋነሽ ጥቂት አሰበች። «እርሾ ነው በለኛ። ወተቱ እንዲረጋ ከትናንቱ ትንሽ እንደምንተወው።»

«እንደሱ ይሁን» አለ ዶክተሩ። «ግን እርሾው ይይዝ እንደሆነ እኛም አናውቅም። የምንሞክረው ለዚያ ነው። ላይይዝም ይችላል። ጣትዎንና እጅዎን አሁን አንነካም፤ ጣት አስቸጋሪ ነው፣ ቀለም ቶሎ አይቀበልም። ከሁለቱ ክንዶችዎ ጀርባ፣ ከክርንዎ ዝቅ ብሎ ካለው እንጀምራለን።»

ዋጋነሽ ተስማማች። ፀጉሯ የሚወሰድበት ቀን ተነገራት፤ ከምሳ በፊት እንድትመጣ።

ታዲያ በዚያ ቀን ዋዜማ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ሐኪሞች ራሷን ሊያዩት አይደል? ሰው ቤት ሲኬድ፣ ያውም ትልልቅ ሰዎች ፊት ሲቀረብ፣ ራስ ሳይቀቡ እንዲሁ አይኬድም። ከጓዳ ምርጡን ለጋ ቅቤ አውጥታ ራሷን ጥግብ አድርጋ ተቀባች። ሻሽ አስራ አደረች። ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሰው ሁሉ መስኮት ይከፍት ጀመር።

ነርሷ፣ ሲስተር ፀሎት፣ ሻሹን ስትፈታው እጇ እየተንሸራተተ አልያዝ አላት። ጠጋ ብላ አሸተተች።

«እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የሆሳዕና ለጋ ነው» አለች ዋጋነሽ ኮራ ብላ። «አሽቺው እንጂ። እንዲህ ያለ አሁን በገበያ የለም።»

ዶክተር ኤልናታን መጣ፤ እሱም አሸተተ። በቅቤ የራሰ ፀጉር ወደዚያ ንጹሕ ክፍል እንደማይገባ በትሕትና ነገራት። ታጥባ፣ ፀጉሯ ደርቆ፣ ምንም ሳትቀባ በሌላ ሳምንት እንድትመለስ ተደረገ። ስትወጣ ሲስተር ፀሎት ኮሪደሩ ድረስ ሸኘቻትና በጆሮዋ «ቅቤው የት ነው የሚሸጠው?» አለቻት።

በሳምንቱ ደረቅ ራሷን ይዛ ሄደች። ከማጅራቷ ከፍ ብሎ ከፀጉሯ ጥቂቱን ወሰዱ፤ አደንዝዘዋት ስለነበር አልተሰማትም። ከቀትር በኋላ የሁለቱን ክንዶቿን ነጭ ቦታ ላዩን በስሱ ፈተጉትና ከሁለት ትንንሽ ብልቃጥ ያለውን ውሃ አፈሰሱበት። መጀመሪያ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን። በስስ ጨርቅ ሸፍነው በፋሻ ጠቀለሉት።

ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ወይም የተቃናው።

ዶክተሩ እንዲህ አላት። «ከሁለቱ በአንዱ ውስጥ ሕዋሱ አለ። ሌላው ባዶ ውሃ ነው። ልዩነቱን የምናየው እንደዚያ ነው።»

«ባዶው የትኛው ነው?»

«እኔም አላውቅም። ባውቅ ዓይኔ ያዳላል።»

«ታዲያ ማን ያውቃል?»

«ሌላ ክፍል ያለ ሰው። ሙከራው እስኪያልቅ ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው። እርስዎ ሁለቱንም እኩል ይያዟቸው። ፋሻው ሲፈታ፣ በየጠዋቱ ለሁለቱም ትንሽ ትንሽ ፀሐይ ይስጧቸው። ምንም አይቀቡ፤ ቅቤም ቢሆን።»

«ቅቤም ቢሆን» ብላ ደገመችለት። ነገሩን ግን በልቧ ጨርሳው ነበር። ይህ ልጅ በደንብ ያደገ ልጅ ነው። እናቱ በግራ እጅ ዕቃ መቀበል ነውር መሆኑን አስተምራዋለች። በረከት በቀኝ ነው የሚሰጠው፤ ጉርሻ በቀኝ፣ ምረቃ በቀኝ። ደግሞ መጀመሪያ የነካው ቀኙን ነው። መናገር አልተፈቀደለትም እንጂ መድኃኒቱ ያለው ቀኙ ላይ ነው። ይህን ለመረዳት ዶክተር መሆን አያስፈልግም።

ፋሻው እስኪፈታ ክርኗን እንዳታጥፍ ስለተባለች ደግፌ አጎረሳት። በሕይወቱ ሰው አጉርሶ አያውቅም፤ ጉርሻው ወይ እንደ ትራስ ይተልቃል፣ ወይ መንገድ ላይ ይፈርሳል። «አፍሽን ክፈቺ እንጂ፣ ጋራዥ ነው እንዴ የምትዘጊብኝ» ይላታል። ራዕይ በሩ ላይ ቆማ በስልኳ ትቀርጻቸዋለች። ዋጋነሽ ወጥ በአገጯ እየወረደ እንደዚያ ሳምንት የሳቀችበትን ጊዜ አታስታውስም።

ፋሻው ሲፈታ ሁለቱም ክንዶች ልክ እንደ ሕፃን ቂጥ ሮዝ ሆነው ወጡ። የዚያኑ ዕለት ማታ ደግፌን አስጠራችው።

«ቀኙን እጅጌ ቁረጥልኝ።»

«የየትኛውን ቀሚስ?»

«የሁሉንም።»

ለዓመታት እጅጌያቸው እስከ እጅ አንጓ የሚደርስ፣ በቁልፍ የሚጠብቅ ቀሚስ ሲሰፋላት የኖረ ሰው ነው። መቀሱን ይዞ ተመለከታት።

«ግራውስ?»

«ግራው ባዶው ነው። እሱን ማንም እንዲያየው አልፈልግም። ቀኙ ፀሐይ ይጥገብ።»

ደግፌ ከልብስ እንጂ ከሕክምና ጉዳይ ገብቶ አያውቅምና ቆረጠ። ከክርን በላይ፣ በጥሩ ቅምቅማት፣ ቀኙ አጭር ግራው ረጅም የሆነ ቀሚስ ወጣ። አንድ አይደለም፤ ያላት ሁሉ።

ኅዳር ነው፤ የኮልፌ ፀሐይ ጠዋት ጠዋት ጥሩ ነው። ዋጋነሽ ከመጋረጃው ኋላ በርጩማዋን አውጥታ፣ ሰው በማያልፍበት በኩል፣ ጀርባዋን ለገበያው ሰጥታ ቀኝ ክንዷን እንደ በርበሬ አሰጣች። ሰው የማያልፍበት ቦታ ገበያ ውስጥ የለም እንጂ።

«ዋጋነሽ፣ ጨርቅ አለቀበት ደግፌ?» አለ የጤፍ ነጋዴው ገረሱ።

«ኧረ ተው፤ ግማሿ ክረምት ነው ግማሿ በጋ» አለች ከወዲያ ሽንኩርት ሻጭ።

«የየትኛው ቡድን መለያ ነው? እኛም እንግዛ» አለ ሌላው።

ሸዋረጋ ከፊት ሆና ለሁሉም መልስ ትሰጣለች። «ፋሽን ነው። እናንተ የት ታውቃላችሁ፤ ፈረንጅ አገር አንዱን እግር ሱሪ ብቻ ነው የሚለብሱት።»

ዋጋነሽ ጀርባዋን እንደሰጠች ትስቃለች። ጠዋት ከገበያ በፊት በደግፌ የልብስ መለኪያ መስታወት ፊት ቆማ ክንዷን ታጣምማለች፤ ቦታው ከክንዷ ጀርባ ስለሆነ እንዲሁ አይታይም። ቀኙን ታያለች። ግራው በእጅጌው ውስጥ ነው፤ ለዓመታት አለማየት የለመደችውን ነገር ዛሬ ምን ብላ ታየዋለች። ስትታጠብ እንኳ በሳሙና አልፋው ትሄዳለች።

ታኅሣሥ ገባ። ቀኙ ሮዝነቱን ትቶ ነጭ ሆነ። ጥር መጣ። በዙሪያው ያለው ቆዳ ፀሐይ ስለመታው ጠቆረ፤ ነጩ ደግሞ ይበልጥ ነጣ። ድሮ ከሩቅ የማይታይ የነበረው አሁን ከመንገድ ማዶ ይታያል። ሽንኩርት ሻጯም ቀልዷን ተወች፤ ይህ ከቀልዱ ይከፋል።

ለምርመራ የምትሄድበት ቀን ሲደርስ ዋጋነሽ ከአልጋዋ ላይ ተቀምጣ ቀረች። ራዕይ ደወለች፤ «አልሄድም» አለቻት። ደግፌ ለመናት፤ አልተነሳችም። በመጨረሻ ሸዋረጋ ሱቁን ለገረሱ አደራ ብላ ቤቷ ድረስ መጣች።

«ምን ሆነሻል?»

«አልያዘም፣ ሸዋዬ። እርሾው አልያዘም። ሄጄ ልጁን ምን ልበለው? ፊቱ ሲጠቁር ለማየት ነው?»

«ፊቱ ይጥቆር። ደሞዝ የሚበላበት ነው» አለች ሸዋረጋ ነጠላዋን እየወረወረችላት። «ፀጉርሽን ነቅለው ወስደው ዝም ብለሽ ልትቀሪ? ሂጂና ቢያንስ ፀጉሬን መልሱ በያቸው።»

ዋጋነሽ ሳትወድ ሳቀች። ከሳቀች ደግሞ መነሳት አይቀርም።

ሆስፒታል ሲስተር ፀሎት መብራቱን አስተካክላ ካሜራዋን ይዛ ቆመች። ቀሚሱን ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ትንሽ ግራ ተጋባች፤ ጨዋ ናትና አልጠየቀችም። ቀኙን አነሳች። ካሜራው ቀጭ አለ።

«አሁን ግራውን ይግለጡልኝ፣ እማማ።»

«ባዶውን ምን ያደርግልሻል?»

«ግድ ነው።»

ደግፌ እጅጌውን ጥብቅ አድርጎ ነበር የሰፋው። ቁልፎቹን ፈትታ እስከ ክርኗ አወጣችውና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ካሜራው ቀጭ ሲል አልተሰማም። ሲስተር ፀሎት ካሜራዋን ዝቅ አደረገች። ከዚያ በሩን ከፍታ ወጣችና ዶክተሩን ይዛ ተመለሰች። እሱም ጎንበስ ብሎ ክንዷን ወደ መብራቱ አዞረ።

«ምን ሆነ?» አለች ዋጋነሽ። «ቆሰለ? እኔ እኮ ምንም አልነካሁትም።»

ዶክተሩ ከጠረጴዛው መስታወት አንስቶ ከክንዷ በታች ያዘላት።

ነጩ ቦታ ላይ፣ በነጭ ሰፌድ ላይ ቀይ ጤፍ እንደተበተነ፣ ነጠብጣብ ሞልቷል። ቡናማ፣ ደቃቅ፤ አንዳንዱ ብቻውን፣ አንዳንዱ ከጎረቤቱ ጋር ገጥሞ። ከዳር በኩል እንዲያውም ተያይዞ የራሷን መልክ ይዟል። ዋጋነሽ አውራ ጣቷን በምራቋ አርጥባ አሸችው። አልለቀቀም። ደግማ አሸችው።

«አይሹት፣ አይሹት» አለ ዶክተሩ። «አይለቅም። ቆዳዎ ነው።»

«የኔ?»

«የእርስዎ።»

እንባዋ መጣ፤ እንባው ሳይወርድ ግን አንድ ነገር ትዝ ብሏት ፊቷ ተለወጠ።

«ልጄ፣ አጥፍቻለሁ። እሱን እኮ ፀሐይ አላሳየሁትም። አንድም ቀን።»

«እንዴት? ሁለቱንም እኩል ብዬዎት አልነበር?»

«ብለኸኛል። ግን በቀኝ የሰጠኸኝ መስሎኝ ነው። ሰው ስጦታ በግራ ይሰጣል እንዴ? ደግ አሳዳጊ ያሳደገህ ልጅ መሆንህን አይቼ ነው» አለችና ቀሚሷን በሁለት እጇ ዘርግታ አሳየችው። አንዱ እጅጌ አጭር፣ ሌላው እስከ አንጓ።

ሲስተር ፀሎት ካሜራዋን አስቀምጣ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ዶክተሩ ከንፈሩን ነክሶ ብዙ ታገለ፤ አቃተው። ሦስቱም ሳቁ። ሳቁ እንደበረደ ዋጋነሽ እንደገና ሰጋች።

«አሁን ታስወጡኛላችሁ?»

«አናስወጣዎትም። የሆነውን እንደሆነው እጽፈዋለሁ፤ ፀሐይ ያገኘው ቀኙ ብቻ ነው ብዬ። በውጤቱ ላይ ችግር ያመጣል፤ ግን ደብቀውኝ ቢሆን ይብስ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ሁለቱም እኩል። የእውነት እኩል።»

«እሺ። ይሄ ታዲያ መድኃኒቱ ሠራ ማለት ነው?»

«እንደዚያ ማለት አልችልም። የቱ ክንድ ሕዋሱን እንዳገኘ ገና አላውቅም። የሌሎቹንም ሰዎች ሁሉ አይተን ነው። የአንድ ሰው ክንድ አይበቃም።»

«አንተ አትበል። እኔ ልበል?»

«እርስዎንማ ማን ይከለክልዎታል።»

«ሠርቷል» አለች ዋጋነሽ።

ዶክተሩ ራሱን ዝቅ አድርጎ ጻፈ፤ ጆሮው ግን እየሳቀ ነበር። ሙከራው ሲያልቅ፣ ከጠቀመ፣ ባዶ የቀረው ክንድም እንደሚሠራላት ነገራት። ስለ ጣቷ ጠየቀችው። አልዋሻትም፤ ጣት ላይመለስ ይችላል አላት። ጣቷን አየችው። ነጭ ነው። እንግዲህ ነጭ ነው።

ታክሲ ውስጥ መስኮት በኩል ተቀመጠች። የግራ እጅጌዋን ጠቅልላ እስከ ክርኗ አወጣችና ክንዷን ፀሐይ በሚገባበት አቅጣጫ አስቀመጠች። አጠገቧ የተቀመጠው ሰው አየ፤ አላፈረችም። ዓይኗ ከክንዷ አልነቀል አለ። አንገቷን አጣማ፣ ክርኗን አጥፋ፣ እስከ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ድረስ ያንን ጤፍ ስታይ መጣች። ፌርማታውን ሊያልፋት ሲል ነው «ወራጅ አለ» ያለችው።

ሸዋረጋ ገና ከሩቅ ግራ ክንዷ ተገልጦ ስታይ ከወንበሯ ተነሳች።

«ምነው? ያኛውንም ቀደዱብሽ?»

«ነይ እይው።»

ሸዋረጋ አየች። ጠጋ ብላ አየች። በጣቷ ነካችው። ከዚያ ቀኙን አየች፤ ተመልሳ ግራውን አየች። 

«ግራው ነው እንዴ?» አለች በመጨረሻ።

«ግራው ነው።»

«እና ያን ሁሉ ጊዜ የተሳሳተውን ክንድ ነው ስንጠብስ የከረምነው?»

«ስንጠብስ።»

ሸዋረጋ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ሳቀች፤ እያለቀሰች ሳቀች። ከዚያ ዋጋነሽን በትከሻዋ ይዛ ከፊት፣ ከማሰሮዎቹ ኋላ፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻት። «እዚሁ ቁጭ በይ፤ እዚህ ብርሃን አለ። ንቅንቅ እንዳትዪ። ገረሱን ልጥራ፣ ያቺን የሽንኩርት እባብ ልጥራ። ሁሉም ነው የሚያየው፤ ተራ በተራ» ብላ ነጠላዋን እየጎተተች ወደ እህል ተራው ሮጠች።

ዋጋነሽ ብቻዋን ቀረች። ከፊት ተቀምጣለች። ወንበሩ ከምታስታውሰው ዝቅ ያለ መሰላት። ገበያው በዚህ በኩል እንዲህ ሰፊ መሆኑን ረስታው ነበር፤ ከመጋረጃው ኋላ የሚታየው በጆንያው ቀዳዳ በኩል ብቻ ነበር። ልትነሳ አሰበች። ሸዋረጋ ስትመጣ ባታገኛት እንደምትጮህ አሰበችና ተቀመጠች።

አንዲት ወጣት ሴት፣ ዘንቢል በክንዷ ያንጠለጠለች፣ ማሰሮዎቹ ፊት ቆመች። በዚያ ገበያ አይታት አታውቅም።

«ለጋው የትኛው ነው? እህቴ ወልዳ ነው። በሳል ስጡኝ ብዬ እንዳልሳሳት ተብያለሁ፤ ራሷ ላይ ነው የምትቀባው» አለችና፣ እንደ ወጉ፣ እጇን ዘረጋች።

ዋጋነሽ የተዘረጋውን እጅ አየች። ቀጥላ የራሷን ጣት አየች። እዚያው ነው፤ እስከ ሁለተኛው አንጓ ነጭ። የልጅቷም ዓይን ወደዚያው ሄዷል።

«ለምጽ ነው፣ የኔ ልጅ» አለች ዋጋነሽ። «አይጋባም።»

«አውቃለሁ። ሰፈራችን ያሉ አንድ መምህር ነበረባቸው፤ እጃችንን ይዘው ነው መጻፍ ያስተማሩን» አለች ልጅቷ። እጇ እንደተዘረጋ ነው። «ለጋው ይሄ ነው?»

ዋጋነሽ ጣቷን ማሰሮው ውስጥ ነከረች። የልጅቷን እጅ በግራዋ ያዘች፤ ሞቃት እጅ ነው፣ ሳሙና የበላው፣ የአራስ ልብስ ሲያጥብ የሰነበተ እጅ። በጀርባው ላይ ቀባችላት። ልጅቷ አሸችው፣ አሸተተችው፣ አፍንጫዋን ነፋች።

«ውሃ በዝቶበታል» አለች።

ዋጋነሽ እንዲህ ያለ ጣፋጭ ነገር ሰምታ አታውቅም። በወንበሩ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች።

«ውሃ? በዚህ ቅቤ? አንቺ ልጅ፣ ውሃ ያለበት ቅቤ ታውቂያለሽ? ውሃ ያለበት ቅቤ ሲቀቡት በጆሮ ይወርዳል። ይሄ ራስ ላይ ይተኛል። እህትሽ ምን ወለደች?»

«ወንድ።»

«እልል በይ። ስንተኛዋ ነው?»

«የመጀመሪያዋ ነው። ግን ዋጋውን አልነገሩኝም።»

«ደርሰናል፣ ደርሰናል። ባሏ ምን ይሠራል?»

ሸዋረጋ ገረሱን በእጅጌው እየጎተተች፣ ሽንኩርት ሻጯንና ሌላም ሰው አስከትላ ስትደርስ፣ ወሬው ገና የአራሷ አማት ጋ ነበር። ገረሱ ነጠብጣቡን ለማየት መነጽሩን እያወጣ ጠጋ አለ።

«ዋጋነሽ፣ እስቲ ክንድሽን ወዲህ...»

«ቆይ፣ ገረሱ» አለች ዋጋነሽ ቀና ሳትል። የልጅቷን እጅ አልለቀቀችም። «ገበያ ላይ ነኝ። ሸዋዬ፣ አንድ ጥሩ የኮባ ቅጠል ቆርጠሽ አምጪልኝ፤ ሰፋ ያለውን።»

ሸዋረጋ ወንበሩንና የተቀመጠችበትን ሴት አየች። ከዚያ ጆንያውን ገልጣ ከኋላ ገባች። ትንሽ ቆይቶ፣ ዋጋነሽ ዋጋውን ዝቅ አድርጋ ስትናገር፣ ከመጋረጃው ኋላ ሳል ተሰማ።